የቆመ ፈርጉሰን ማስነሳት

በሰሜን አየርላንድ፣ በእንግሊዝ ወይም በስኮትላንድ ገጠር የእርሻ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ፣ ከዕቃው መካከል አንድ ትንሽ ግራጫ ትራክተር መገኘቱ የተለመደ ነው። ጎማው ተንፍሷል፤ መቀመጫው ዝጓል፤ በጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። ሞተሩ ከተነሳ ስንት ዓመት እንደሆነው የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ያም ሆኖ ገዢ አያጣም። የሚገዛውም ለቁራጭ ብረት አይደለም፤ አስነስቶ ሊያርስበት፣ ሣር ሊያጭድበት ወይም በበዓል ቀን ሊነዳው ነው።

ይህ ትራክተር ፈርጉሰን ቲኢ 20 ይባላል። ከ1946 እስከ 1956 ባሉት አሥር ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮቨንትሪ ከተማ ባነር ሌን በተባለ ፋብሪካ 517,651 ያህል ተሠርቷል። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬም የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ ቆመው የነበሩና እንደገና የተነሱትም እንዲሁ። በሰባ ዓመት ዕድሜው ከጎተራ ወጥቶ በሳምንታት ሥራ የሚነሳ ማሽን በአጋጣሚ አይገኝም። ምክንያቱን ለማወቅ ትራክተሩ እንዴት እንደታሰበና ለማን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ሃሪ ፈርጉሰን በ1884 በዳውን ግዛት፣ ድሮሞር አቅራቢያ ግሮዌል በተባለ ቦታ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የእርሻውን ልፋት ከልጅነቱ ጀምሮ አልወደደውም። በወጣትነቱ ቤልፋስት ወርዶ ከወንድሙ ጋራዥ ገባ፤ ከሞተር ጋር የተዋወቀውም እዚያ ነው። ታኅሣሥ 31 ቀን 1909 ራሱ በሠራው አውሮፕላን ተነስቶ በአየርላንድ ምድር የበረረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ወደ ትራክተር ያመጣው ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያ የሚጓዘውን እህል ሲያሰምጡ፣ መንግሥት ጦሙን ያደረ መሬት ሁሉ እንዲታረስ ፈለገ። በ1917 ፈርጉሰን በአየርላንድ ያሉት ትራክተሮች የተሻለ ሥራ እንዲሠሩ የማድረግ ኃላፊነት ተሰጠው።

እየዞረ ያየው ነገር አሳሰበው። የዚያ ዘመን ትራክተር ማረሻውን የሚጎትተው ፈረስ ይጎትተው በነበረበት መንገድ፣ በሰንሰለት ወይም በአንድ መያዣ አስሮ ነበር። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ፈረስ ይቆማል፤ ትራክተር ግን አይቆምም። የኋላ ጎማዎቹ መሽከርከር ሲያቅታቸው የፊቱ ክፍል ወደ ላይ ይነሳና ማሽኑ በነጂው ላይ ይገለበጣል። በዚህ መንገድ ሕይወታቸው ያለፈ ገበሬዎች ብዙ ነበሩ። ይህን ለመከላከል አምራቾች ትራክተሩን ከባድ ያደርጉታል፤ ከባዱ ትራክተር ደግሞ እርጥቡን የአየርላንድ አፈር ይደፈጥጠዋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዋጋውም ከትንሽ ገበሬ አቅም በላይ ይሆናል።

መፍትሔው ማረሻውንና ትራክተሩን አንድ አካል ማድረግ ነበር። ፈርጉሰን ከረዳቶቹ ጋር ለዓመታት ሞክሮ የደረሰበት ሐሳብ በሦስት ክንዶች ላይ የቆመ ነው፤ ሁለቱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ማረሻው አፈር ውስጥ ሲገባ የላይኛው ክንድ ወደ ፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት የትራክተሩን ፊት ወደ መሬት ይጫነዋል። አፈሩ ሲጠነክር ግፊቱ አንድ ስፕሪንግ ይጨምቃል፤ ስፕሪንጉ የዘይት ቫልቭ ይከፍታል፤ ዘይቱም ማረሻውን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። ማረሻው ድንጋይ ከመታ ደግሞ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ክብደቱ ይቀንስና ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ ትራክተሩ አይገለበጥም። ለዚህ የዘይት አሠራር በ1926 የፈጠራ መብት አስመዘገበ።

የሠራው ነገር ትክክል ቢሆንም የሚያመርትለት ማግኘት ቀላል አልነበረም። በ1936 ከዴቪድ ብራውን ኩባንያ ጋር ሃደርስፊልድ ውስጥ ማምረት ጀመረ፤ እስኪለያዩ ድረስ 1,350 ያህል ብቻ ተሠሩ። በ1938 መጸው አንዱን ትራክተር አሜሪካ ወስዶ በመኪና አምራቹ በሄንሪ ፎርድ ርስት ላይ አረሰበት። ሁለቱ ሰዎች ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ጠበቃ፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተስማሙ፤ በ1939 ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር በፈርጉሰን አሠራር ገበያ ወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥልጣኑን የያዘው የልጅ ልጁ ሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ ስምምነቱን አፈረሰ፤ ሦስቱን ክንዶች ግን መጠቀሙን አልተወም። ፈርጉሰን ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1952 ፎርድ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተጠናቀቀ።

ፈርጉሰን ግን ከክሱ በፊት የራሱን ትራክተር ማውጣት ጀምሮ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ይሠራበት የነበረው የባነር ሌን ሕንፃ ሥራ ፈትቶ ነበር። ሕንፃውን የያዘው ስታንዳርድ የተባለው የመኪና ኩባንያ ትራክተሩን ሊያመርትለት ተስማማ፤ በ1946 የመጀመሪያዎቹ ግራጫ ትራክተሮች ወጡ። መጀመሪያ ሞተሩ ኮንቲኔንታል ከተባለ የአሜሪካ ፋብሪካ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ስታንዳርድ የራሱን ገጠመበት፤ የዚያው ሞተር ቤተሰብ ቫንጋርድ በተባለው የቤት መኪናና በትራያምፍ ቲአር 2 የስፖርት መኪና ውስጥም ገብቷል። ይህ ዝምድና ዛሬ ለመለዋወጫ ፈላጊ ትልቅ ጥቅም አለው።

ቲኢ 20 ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥም፤ ጉልበቱም ከሃያ የፈረስ ጉልበት ጥቂት ይበልጣል። ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክሰሉ እርስ በርስ ታስረው ራሳቸው አከርካሪ ይሆናሉ። ፈርጉሰን በዳዶዎቹ ልክ ላይ ጥብቅ ነበር። አብሮ የሚሸጠው አንድ ቁልፍ በትራክተሩና በዕቃዎቹ ላይ ገበሬው ዘወትር የሚነካውን አብዛኛውን ዳዶ ይፈታል፤ ቁልፉ ላይ ያለው መለኪያም ማረሻውን ለማስተካከል ያገለግላል። ሞተሪኖው የሚሠራው የማርሽ ዘንጉ ለብቻው ወደተሠራለት ቦታ ሲገፋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትራክተሩ ማርሽ ውስጥ እንዳለ በድንገት ተነስቶ ሰው አይድጥም።

ከማሽኑ ጋር ትምህርቱም ነበር። ኩባንያው በዎሪክሻየር ግዛት በስቶንሊ አቤይ የሥልጠና ትምህርት ቤት ከፍቶ ሻጮችን፣ መካኒኮችንና ነጂዎችን ያስተምር ነበር። ከእያንዳንዱ ትራክተር ጋር የሚሰጠው መጽሐፍ ዘይት መቼ እንደሚለወጥ፣ ካንዴላ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ፍሬን እንዴት እንደሚስተካከል ለገበሬው ራሱ በሥዕል ያስረዳል። ባለቤቱ ማሽኑን እንዲያውቀው ተፈልጎ ነበር።

ጥንካሬውን ዓለም ያየው ጨርሶ ባልታሰበለት ቦታ ነው። የኤቨረስትን ጫፍ በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር የረገጠው ኤድመንድ ሂላሪ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንታርክቲካ ላይ ሦስት ፈርጉሰኖችን ሰንሰለት አልብሶ በበረዶው ላይ ነዳቸው። ነዳጃቸው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጥር 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ ደረሱ። ከካፒቴን ስኮት 1912 ጉዞ ወዲህ በምድር ተጉዞ እዚያ የደረሰ ሌላ ሰው አልነበረም፤ በምድር ላይ በሞተር ተጉዞ የደረሰ ደግሞ ከዚያ በፊት ጭራሽ አልነበረም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ማሽን ለምን ጎተራ ውስጥ ቀረ? ጊዜው አልፎበት ነው። በ1953 የፈርጉሰን ኩባንያ ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር ተዋሐደ፤ ስሙም በ1958 ማሴ ፈርጉሰን ሆነ። ቲኢ 20ን በ1956 ኤፍኢ 35፣ ያንንም በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤምኤፍ 135 ተካው፤ ማሳውም ማረሻውም እየሰፋ ሄደ። ትንሹ ግራጫ መጀመሪያ ፍግ ወደ መጥረግና ጋሪ ወደ መጎተት ተዛወረ፤ ቀጥሎ ባትሪው ሲደክም በቆመበት ቀረ። ብዙዎቹ ለቁራጭ ብረት ሄዱ። የተረፉትን በኋላ የፈለጓቸው ብዙውን ጊዜ አባታቸው በዚህ ትራክተር ሲያርስ ያዩ ልጆች ናቸው። ማኅበር አቋቋሙ፤ የድሮውን መመሪያ አሳተሙ፤ መለዋወጫ የሚያመርቱ ወርክሾፖችም ገበያ ስላገኙ ሥራቸውን አላቋረጡም። በሰሜን አየርላንድ የፈርጉሰን ምስል ያለበት የ20 ፓውንድ የባንክ ኖት ሳይቀር ወጥቷል።

የቆመ ፈርጉሰን ለመግዛት የሚሄድ ሰው ቀለሙን አያይም። መጀመሪያ የሚያየው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ትራክተሩ መቼ እንደተሠራና በቤንዚን፣ ለትራክተር በሚዘጋጅ ኬሮሲን ወይም በናፍጣ የሚሠራ መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ በፊት በኩል ያለውን የእጅ ማስነሻ ይዞ ሞተሩን ይሞክራል። ሞተሩ ከዞረ ሥራው ቀለለ ማለት ነው። ካልዞረ ዋጋው ይወርዳል እንጂ ነገሩ አላለቀም።

የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። በእነዚያ አገሮች ክረምት ውሃ ይረጋል፤ ረግቶም ይሰፋል። ባለቤቱ ትራክተሩን ሲያቆም ውሃውን ካላፈሰሰው ሞኖብሎኮው ጎኑን ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ገዢው በባትሪ ብርሃን የሞተሩን ጎንና ጎን ይመረምራል። የዘይት መለኪያውንም መዝዞ ያያል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። የኋላ ጎማዎቹ ለክብደት ሲባል ጨው ያለበት ውሃ ተሞልተው ከነበረ ደግሞ ቸርኬው ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ጎማና ቸርኬ ከሞተሩ ጥገና በላይ ገንዘብ የሚበሉበት ጊዜ አለ።

ተጣብቆ አልዞር ያለን ሞተር ለማስለቀቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ካንዴላዎቹ ይወጡና በየቀዳዳው ዝገት የሚያላላ ቀጭን ዘይት ይፈስሳል፤ ቀናት ይተዋል፤ እንደገና ይፈስሳል። ከዚያ ማርሹ በአራተኛ ይገባና የኋላውን ጎማ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ ይጀመራል። በአራተኛ ማርሽ ጎማው ሞተሩን ለመገፋፋት በቂ ኃይል አለው፤ ነገር ግን ለመስበር የሚበቃ አይደለም። ልምድ ያላቸው ሰዎች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ትራክተሩን በሌላ መኪና አስሮ መጎተትን ነው። የተጣበቀ ፒስተን በጉልበት ሲጎተት ፋሻው ይሰበራል፣ ቢዬላው ይጣመማል፤ በትንሽ ወጪ የሚድን ሞተር ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

በዚህ ካልተላቀቀ ቴስታታው ይነሳል። ያኔ ጥፋተኛው ሲሊንደር በዓይን ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሲቆም ቫልቩ ክፍት የቀረበትና እርጥብ አየር ለዓመታት የገባበት ነው። የፒስተኑ ራስ ላይ እንጨት አስደግፎ በመዶሻ በዝግታ መምታት አንዳንዴ ይበቃል። ካልበቃም የስታንዳርድ ሞተር አሠራር ያድናል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ከሞኖብሎኮው ጋር አንድ ላይ የተቀለጠ አይደለም። ውሃ ዙሪያውን የሚያቀዘቅዘው፣ ተነቅሎ የሚወጣ ካሚቻ ነው። ያረጀው ከነፒስተኑ ወጥቶ አዲስ ይገባል፤ ሞኖብሎኮውን ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የዚህ ሞተር ታዋቂ ድካም ይመጣል። ካሚቻዎቹ ከታች የሚቀመጡት ሁለት ክብ አንድ ላይ በተጣመሩበት ጓርኒሲዮን ላይ ነው፤ አንዱ ለሁለት ካሚቻ ያገለግላል። ይህ ጓርኒሲዮን ሲበላ ውሃ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሲቀየር መቀመጫው ከዝገት ፍጹም መጽዳት አለበት፤ ካሚቻውም ቴስታታው በደንብ እንዲጨብጠው ከሞኖብሎኮው ፊት በጣም በጥቂቱ ከፍ ማለት አለበት። ይህን ሳይለካ የገጠመ ሰው ሥራውን በወራት ውስጥ እንደገና ይጀምረዋል።

ሞተሩ መዞር ከጀመረ የቀረው ነዳጅና እሳት ማድረስ ነው። የሰልባትዮው ዝገት ካልታጠበ ካርቡራቶሩን ቶሎ ቶሎ ይደፍናል። ከሰልባትዮው በታች ያለችው የመስታወት ኩባያ ዝቃጩን የምትይዝ በመሆኗ፣ እሷን ብቻ በማየት የሰልባትዮውን ጤና ማወቅ ይቻላል። በቤንዚን ሞተር ላይ ለዓመታት የቆመው የፑንቲና ጫፍ ዝጎ እሳት ስለማያስተላልፍ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ብዙ ተስፋ የተቆረጠባቸው ትራክተሮች በዚህች የደቂቃዎች ሥራ ተነስተዋል።

ከዚያ የፈርጉሰን ዋና ሥራ፣ ማንሻው፣ ይሞከራል። የዘይቱ ፖምፓ ያለው በካምቢዮውና በአክሰሉ ቤት ውስጥ ጠልቆ ነው፤ ለማርሹም ለማንሻውም ዘይቱ አንድ ነው። ዝናብ በማርሽ ዘንጉ ሥር ሲገባ ኖሮ ከታች ውሃ ይጠራቀማል፣ ቫልቩም ይጣበቃል። ዘይቱ ይፈስሳል፣ ቤቱ ይታጠባል፣ አዲስ ይሞላል። ለፈርጉሰን አዲስ የሆኑ ሰዎችን የሚያሳስት አንድ ነገርም አለ፤ ፖምፓው የሚዞረው ለውጭ ዕቃዎች ኃይል በሚሰጠው ዘንግ ስለሆነ የዚያ ዘንግ ማገናኛ ካልገባ ክንዶቹ አይነሱም። ጤናማ ማንሻ ተበላሽቷል ተብሎ የተፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቀለሙ የመጨረሻ ነው፤ ክርክርም አለበት። አንዳንዱ ፋብሪካው በሰጠው ግራጫ አስውቦ ይቀባዋል፤ ሌላው የሥራ ዘመኑ ጠባሳ እንዳይጠፋ እንዳለ ይተወዋል።

የዚህ ትራክተር ቤተሰብ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያም ይደርሳል፤ እዚህ ሲደርስ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። በስዊድን ትንንሽ እርሻዎች ላይ ፈረስን የተካው ይኸው ግራጫ ፈርጉሰን ነበር። በ1967 የስዊድንና የኢትዮጵያ መንግሥታት ተስማምተው አርሲ ውስጥ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን፣ በአጭር ስሙ ካዱን፣ አሰላ ላይ አቋቋሙ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ በተሻሻለ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር ማገዝ ነበር። እርሻው አትራፊ ሲሆን ግን መጀመሪያ የተጠቀሙበት ባለ መሬቶቹ ሆኑ። ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ስለነበር ገዝተው ወይም ተከራይተው መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ የሲሶና የእኩል አራሽ የነበረው ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ተነቀለ። አየርላንድ ውስጥ የገበሬን ሕይወት ለማዳንና ለማቅለል የታሰበው ማሽን ጭላሎ ላይ ጎጆ አፈረሰ። ልዩነቱን ያመጣው የመሬቱ ባለቤትነት ነው፤ ዳውን ግዛት ውስጥ ትራክተሩን የሚነዳው ገበሬ የመሬቱም ባለቤት ነበር።

«መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች ሰልፍ ከተነሳ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። የትልልቅ እርሻዎች ትራክተሮች ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ ገበሬ ማኅበራት ገቡ። በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመና የሚንስኩን ቤላሩስ መገጣጠም ጀመረ። የሚንስክ ፋብሪካ የተመሠረተው ቲኢ 20 በወጣበት በዚያው በ1946 ነው፤ ቤላሩስም ማረሻውን ከኋላው የሚይዘው በሦስት ክንዶች ነው። የፈርጉሰን ሐሳብ ከፖለቲካው ድንበር ተሻግሮ ነበር።

የተሻገረው ግን ክንዱ ብቻ ነው። በመንግሥት እርሻዎች ትራክተሩ የማንም ገበሬ አልነበረም፤ ነጂው ደመወዝተኛ፣ መለዋወጫው ከሩቅ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነበር። በትንሽ ዕቃ እጦት የቆመው ማሽን ወንድሙን ለማስነሳት ይፈታ ነበር፤ እንዲህ እየተባለ የቆሙት በዙ። አንዱ ትራክተር እንግሊዝ ገጠር ሠላሳ ዓመት ቆሞ ሲነሳ፣ ሌላው እዚህ ገና ጎማው ሳያልቅ ለዘለቄታው ሲቀር የብረቱ ጥራት ጥፋት የለበትም።

የባነር ሌን ፋብሪካ ትራክተር መሥራት ያቆመው በ2002 ነው። ያ ባለ ሁለት ክብ ጓርኒሲዮን ግን ዛሬም አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ የሚፈልጉት ሰዎች አሉና። አርሲና ባሌ ላይ ደግሞ የስንዴ ገበሬዎች ትራክተር በማኅበር እየገዙ፣ በኪራይም እያስመጡ ነው። በእነዚህ ግዢዎች ውል ውስጥ ከፈረስ ጉልበቱና ከዋጋው እኩል ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የታተመ ሥዕል ያለበት መመሪያ፣ ለዓመታት የሚበቃ የፋሻ፣ የጓርኒሲዮንና የማጣሪያ ክምችት፣ ከማኅበሩ መካከል ተመርጠው የሚሠለጥኑ ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች። ይህ ወጪ ከትራክተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ገንዘቡም መውጣት ያለበት ማሽኑ ገና አዲስ ሳለ ነው።